ብሊያ ሎር የሸጠችው ትራስ

ብሊያ ሎር በአሥራ አምስት ዓመቷ የእናቷን የመቃብር ትራስ ቢጫ ባርኔጣ ላደረገች ፈረንጅ ሸጠች።

ይሄን ወሬ አሜሪካ ሴንት ፖል ከሰፈሩት የላኦስ ሞንጎች መሀል የማያወራው የለም፤ አስተካክሎ የሚያወራው ግን አይገኝም። አንዱ ቀሚስ ነው ይላል። አንዱ የአንገት ብር ነው ይላል። ባለፈው ደሞ አንድ ሠርግ ላይ አንድ የተማረ ሰው፣ ክራባት ያሰረ፣ ፈረስ ነው ሲል ተሰምቷል። ፈረስ ከየት መጥቶ! ትራስ ነው። የተማረ ሰው ችግሩ ጽፎ ያስቀምጥና ይረሳዋል። ፊደል ያልቆጠረ ግን ማስቀመጫው ራሱ ጭንቅላቱ ስለሆነ አንዲት ነገር አትወድቅበትም። ስለዚህ መያዝ ያለበት ይሄኛው ነው።

ትራስ ሲባል የሚተኙበት አይደለም። ሴት ልጅ ካገባች በኋላ ለእናቷና ለአባቷ የምትሰፋው ክንድ የማይሞላ አራት ማዕዘን ጨርቅ ነው። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ይደረባል፣ የላይኛው በቀጭኑ ይቀደዳል፣ ጠርዙ በመርፌ ጫፍ እየታጠፈ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተጠቅልሎ ይሰፋል። ወላጆች በቁማቸው ተቀብለው ሻንጣ ውስጥ ያኖሩታል፤ ሲሞቱ ከራሳቸው ሥር ይገባል። እዛ ማዶ ሲደርሱ ጥልፉ እርሻ ሆኖ ይቆጠርላቸዋል። ሳይዝ የሄደ ሰው የዘመድ ደጅ ላይ ቆሞ ነው የሚቀረው።

የተሸጠው የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት ነው። ከታይላንድ የስደተኛ ካምፕ አሜሪካ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። እናቷ ዬር ቅዳሜ ቅዳሜ ገበሬዎቹ ከሚሸጡበት ገበያ ጠረጴዛ ዘርግታ ጥልፍ ትሸጥ ነበር። ያን ሰሞን ሰፈሩ ውስጥ ሌባ ገብቶ ነበርና ትራሱን ቤት ትታው መምጣት ፈራች፤ ከሚሸጠው ጋር በአንድ ፌስታል ይዛው መጣች። ሽንት ቤት ደርሳ እስክትመለስ ጠረጴዛው ጋ የቀረችው ብሊያ ብቻ ነበረች። ባለቢጫ ባርኔጣዋ ፌስታሉን ራሷ በረበረችና ትራሱን አወጣች፣ ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ “ለሶፋ ነው?” አለች። ብሊያ ያን ጊዜ ከእንግሊዝኛ አጥርታ የምታውቃት ቃል “አዎ” ነበረች። አዎ አለች።

ዬር ስትመለስ ፌስታሉ ቀሎባታል። እናትና ልጅ በዱባና በቲማቲም መሀል እየሮጡ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄዱ። ቢጫ ባርኔጣ ያደረገች ሴት አራት አገኙ፤ አንዷም እሷ አይደለችም።

ከዛን ቀን ጀምሮ ዬር ልጇን በስሟ ጠርታት አታውቅም። “ሻጯ” ነው የምትላት። ብሊያ አገባች፣ አምስት ወለደች፣ የልጅ ልጅ አየች፤ ያው ሻጯ ናት። ስልክ ሲጮህ “ማነው?” ይባላል፣ “ሻጯ ናት” ይባላል። የወንድሟ ልጆች እውነተኛ ስሟን ያወቁት አድገው የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ ሲያነቡት ነው ቢባል ውሸት የለበትም።

ዘንድሮ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ዬር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀች። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። አጥንቷ አልተሰበረም፤ አሳቧ ግን ተነሳ። ከምትኖርበት ከትንሹ ልጇ ቤት ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን አስጠራች። ሻንጣዋ አልጋው ላይ ተከፍቷል፤ ሸማው አለ፣ መቀነቱ አለ፣ የገመድ ጫማው አለ። ትራስ የለም።

“ሻንጣዬን በኛ በሞንጎች አዲስ ዓመት ድግስ ቀን እዘጋዋለሁ” አለች። “ከተዘጋ በኋላ ወርቅም ቢመጣ አልከፍትም። አንቺ ሻጯ፣ የሸጥሽውን መልሺ።”

ብሊያ ወደ ታላቅ እህቷ ወደ ሼንግ ዞረች። የተሸጠውን ትራስ የሰፋችው ሼንግ ናት፣ ካምፕ ውስጥ ባገባች በዓመቱ።

“እቴቴ፣ አንቺ እኮ ታውቂበታለሽ” አለቻት።

“እኔ አንዴ ሰፍቻለሁ” አለች ሼንግ። “ለአንድ ሬሳ ሁለት ጊዜ አልሰፋም።”

“ሬሳው እዚሁ ነው ያለው፣ ይሰማል” አለች ዬር ካልሲዋን እያጠፈች።

መግዛትማ ተሞክሯል። ብሊያ ባለፉት ዓመታት ሁለት ጊዜ ከሞንጎች ገበያ የተዘጋጀ ትራስ ገዝታ ወስዳለች፣ ቆንጆ ቆንጆውን። ዬር ሁለቱንም ጊዜ በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ “ይሄን የሰፋችው ማናት?” አለች።

“ፋብሪካ ነው፣ እማ።”

“እንደሱ የሚባል ልጅ የለኝም።”

ያበቃ ነገር ነው።

ነገሩ ብሊያ መስፋት አትችልም። በሴት ልጅ ደንብ መማር የነበረባት ካምፕ ውስጥ ነው፤ ካምፕ ውስጥ ግን እሷ ውሃ ቀጂ ነበረች። እናቷና እህቷ ሲሰፉ እሷ ባልዲ ተሸክማ ታልፋለች፣ የተሰፋውን ተሸክማ ትመለሳለች። እዚህ መጥታ ትምህርት ቤት፣ ከዛ ሥራ። ሃያ ሁለት ዓመት ለደነቆረ ሰው ጆሮ የሚገባውን መሣሪያ ትገጣጥማለች፤ በማጉያ መስተዋት ስር በወረንጦ ይዛ ከሰናፍጭ ፍሬ የሚያንሰውን ነገር ከማይታይ ነገር ላይ ትተክላለች። አለቃዋ እንደሷ ያለ እጅ አላየሁም ይላል። ስለዚህ ብሊያ በሆዷ፣ መርፌ ምን ያቅተኛል አለች። ትዕቢት ነው። ትዕቢትን የሚያውቅ ሰው አይቶ ይለየዋል።

አንድ የስልክ ግሩፕ ውስጥ የገባችው ያኔ ነው። ስሙ “የአበባ ጨርቅ ቤት” ይባላል። ከሦስት ሺህ በላይ የሞንግ ጥበበኛ ስልኩ ውስጥ ተሰብስቦ ይጯጯህበታል። ብር አንጥረኛው አለ፣ ሠዓሊው አለ፣ ቀሚስ ሰፊው አለ፣ ከላኦስ ተራራ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ዛፍ የሚወጣው አለ፣ ከፈረንሳይ አለ፣ ከደቡብ አሜሪካ ጫካ አለ። አንዱ የሠራውን ያሳያል፣ ሌላው ይጠይቃል። ሰም ሳቀልጥ የእሳት አደጋ ደወሉ ይጮህብኛል፣ ምን ላድርግ? መስኮት ክፈት። ጨርቄን ፎቶ ሳነሳው ጥቁሩ ቡናማ ይመስላል? በረዶ ሲዘንብ መስኮት ዳር አንሺው። “እኔም ቤቴ እሠራዋለሁ” ብሎ ዋጋ ለሚያጣጥል ገዢ ምን ይባላል? “በል ሥራው” ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የማይገኝ ዕውቀት ነው። እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚያስተምር ይታወቃል፤ ያ ክራባት ያሰረው ሰውዬ ፈረስ ነው ያለው ከዛ ወጥቶ ነው።

ግሩፑን የምትመራው ማይ ሲ የምትባል የሚልዋኪ ከተማ ልጅ ናት፤ ፀጉሯን አረንጓዴ የቀባች፣ ምላሷ ግን ማር። አንድ ደንብ አውጥታለች፦ ሁለት ምስጋና ሳይቀድም ነቀፋ አይገባም። ሰው እንዳይሸሽ ነው።

ብሊያ አጻጻፍ ስለማትወድ በድምፅ ጠየቀች። “እህቶቼ፣ የቀንድ አውጣውን ማዕዘን ሳጥፈው ይተረተርብኛል።” አሥር ሰው መለሰላት። ጨርቁን በሩዝ ውሃ ንከሪውና ተኩሺው፣ ይደርቅልሻል። መቀስሽ ጫፉ ሹል ይሁን። ሁሉንም አንዴ አትቅደጂ፤ ጣት የምታህል ቅደጂ፣ እጠፊ፣ ስፊ፣ ከዛ ቀጥዪ። ክርሽን ሰም አስነኪው። ብሊያ የታዘዘችውን ሁሉ አደረገች። ምሳ ሰዓት ፋብሪካው ካንቲን ውስጥ፣ ማታ ባሏ ኔንግ ቴሌቪዥን ሲያይ እሷ ጎኑ ተቀምጣ። ሦስት ቁራጭ አበላሽታ ጣለች፤ አራተኛው ያዘ። በሰባት ሳምንት አሥራ ስድስት ቀንድ አውጣ፣ እያንዳንዱ እንደ ጥፍር የጠራ፣ በአራት ረድፍ ጨረሰች። እጇ ያው የወረንጦ እጅ ነው።

ፎቶውን መስኮት ዳር አንስታ ለቀቀችው። አራት መቶ ልብ መጣ። “እቴቴ ብሊያ ንግሥት!” አለች አንዷ። “ይሄ ሙዚየም ነው የሚገባው” አለ አንዱ። ማይ ሲ ራሷ፣ “ጀማሪዎች እዩና እፈሩ... ማለቴ ተበረታቱ!” ብላ ጻፈች። ብሊያ ካንቲን ውስጥ ስልኳን እያየች ሾርባዋ ቀዘቀዘ።

በሁለተኛው ቀን አክስት ቹዋ መጣች። አክስት ቹዋ የምትኖረው ካሊፎርኒያ፣ ፍሬስኖ ነው፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጽፋ አታውቅም፤ የምትልከው የድምፅ መልእክት ነው፣ ከኋላ ሁልጊዜ አውራ ዶሮ ይጮሃል። ወጣቶቹ መልእክቷን ሲያዩ ከመክፈታቸው በፊት ቁጭ ይላሉ ይባላል።

“ይሄ የማን ነው?” አለ ድምጿ። ዶሮው ጮኸ። “ለማን ነው የተሰፋው?”

“ለእናቴ ነው፣ አክስቴ” አለች ብሊያ። “የመቃብር ትራስ ነው። ለአዲሱ ዓመት።”

“እናትሽ ፈረንጅ ናት?”

ብሊያ አልገባትም። “ኧረ አይደለችም፣ አክስቴ። ሞንግ ናት። ከላኦስ፣ ከሺየንግ ኩዋንግ።”

“እንዴት ታውቅሽ ታዲያ? ቀለሙን እዪው እስቲ። ፈዛዛ ቡኒ። ክሬም። ውሃ ሰማያዊ። ይሄ የሶፋ ቀለም ነው! ይሄ እኮ ካምፕ ውስጥ ለሽያጭ የምንሰፋው ነው። እዛ ማዶ ያሉት አያቶቿ ይሄን ይዛ ስትመጣ ‘ምን ይዘሽ ነው፣ ለማን ልትሸጪው ነው’ ነው የሚሏት። ቀዩ የታለ? አረንጓዴው የታለ?”

ማይ ሲ ቶሎ ገባች። “አክስቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ቤት መጀመሪያ ሁለት ምስጋና...”

“እሺ” አለች አክስት ቹዋ። “ስፌትሽ ቀጥ ያለ ነው። ጠረጴዛሽ ንጹህ ነው። አሁን ፍቺው።”

ይሄን የሚሳሳት ሰው ከሞንግ ሌላ የለም፤ ከሞንግም በዛ ዘመን ካምፕ ውስጥ ያደገ ብቻ ነው። የእርዳታ ድርጅት ሴቶች መጥተው “ቀዩ በዛ፣ አሜሪካ ውስጥ ከቤት ዕቃ ጋር አይሄድም” ሲሉ እናቶች ክራቸውን ቀየሩ። ቀዩንና አረንጓዴውን ለራሳቸው ሰው በመጋረጃ ውስጥ ይሰፉታል፤ ፈዛዛውን ደጅ ተቀምጠው ለገበያ። ባልዲ ይዛ የምታልፍ ልጅ ምን ታያለች? ደጅ ያለውን። የተሸጠውን ትራስም ያየችው ለአፍታ፣ በባዕድ ሴት ደረት ላይ ነው። ለብሊያ የእናቷ እጅ ማለት ፈዛዛ ቡኒና ውሃ ሰማያዊ ነው። ሱቅ ገብታ ጨርቅ ስትመርጥ ሆዷን ደስ እያለው፣ ይሄ ነው የኛ ቀለም ብላ ነው የገዛችው። እናቷ ፊት ይዛ ብትሄድ ኖሮ አንዴ የሸጠችው ትራስ ሳያንስ፣ ሁለተኛውን ደሞ ገና ስትሰፋው ለገበያ አድርጋ ሰፍታዋለች ማለት ነው።

ድግሱ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

ያን ማታ ኔንግ ከጋራዥ ሲገባ ብሊያን ሶፋው ላይ ተቀምጣ ትራሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አገኛት።

“ምነው?” አላት።

“ቀይ አይደለም።”

ኔንግ አየው። “አይደለም” አለ። ወደ ጋራዥ ተመልሶ የአደን ሰደርያውን ይዞ መጣ፣ ያን ከሩቅ ዓይን የሚወጋውን ብርቱካናማ። “ይሄ አለልሽ። ቀይ ነው ባይባልም አጋዘን አይስትም።”

አጋዘን ቀለሙን እንደማያየው፣ ሰደርያው የሚለበሰው ሌላው አዳኝ እንዳይተኩስ መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ኔንግ ሃያ ዓመት ሲያድን ያመጣው ሦስት ነው፣ ሦስቱም ሴቶች፤ አምስት ጣሉ የተባለላቸው ሽማግሌዎች ደሞ ከነምስክራቸው አሉ። ግን ይሄ የአደን ወሬ አይደለም። ብሊያ ሳቀች፤ ለዛ ነው ሰደርያው የተነሳው። ስቃ ስልኳን አነሳች።

“አክስቴ፣ እንዴት ያለ ቀይ?” አለች።

አክስት ቹዋ መልሱን የላከችው ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ አድርጋ ነው። ቀዩ የዶሮ ደም ይሁን፣ የጽጌረዳ አይሁን። አረንጓዴው የሩዝ ቡቃያ። ጥጥ ይሁን፣ ክሩም ጥጥ፤ ናይለን አይበሰብስም፣ እናትሽ አፈር ሆና እሱ ከቀረ ይዟት ይቀራል። የሚያብለጨልጭ ክር ዓይንሽን ቢስበው እጅሽን ምቺው፣ ብረት አለበት፣ ብረት ከሰው ጋር አይቀበርም። “ደሞ አሥራ ስድስቱን ተዪው። በአሥራ ዘጠኝ ቀን አሥራ ስድስት እሰፋለሁ ብትዪ አብረሽ ነው የምትቀበሪው። ዘጠኝ ይበቃል። ትልልቅ አድርጊያቸው። እናትሽ ስንት ዓመቷ ነው?”

“ሰማንያ ስድስት።”

“ዓይኗስ?”

“ሞራ ጋርዶታል።”

“እንግዲያው እጇ እንዲያየው አድርጊ። እጥፋቱን ወፈር አድርጊ፣ እንደ ትል ከፍ ይበል።”

ከዛ ወዲህ ግሩፑ የብሊያን ትራስ የራሱ አደረገው። ማይ ሲ የጨርቅ ሱቅ አድራሻ ላከች። ቀዩ ሲታጠብ ቀለሙን እንደ ቁስል ደም ለቀቀ፤ ብሊያ እሪ ብላ ፎቶ አነሳች። ከደቡብ አሜሪካው ጫካ አንድ ሰውዬ “ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጨው፣ ኮምጣጤ፤ ውሃው እስኪጠራ ደጋግመሽ” አላት። በአምስተኛው ውሃ ጠራ። ከፈረንሳይ አንዷ መርፌዋን አይታ “ይሄ እኮ የጆንያ መርፌ ነው!” አለቻት። ፋብሪካው ውስጥ አብረዋት የሚሠሩት ሶማሌዎችና ሜክሲኮዎች ሳይቀሩ ምሳ ሰዓት “ዛሬ ስንተኛው ቀንድ አውጣ ነው?” ይሏት ጀመር።

እጇ ግን እንደ ፊተኛው አልሄደላትም። ፊተኛውን ስትሰፋ አልፈራችም፤ አሁን ፈራች። የፈራ እጅ ክር ያጠብቃል፣ የጠበቀ ክር ጨርቅ ያኮማትራል። ስፌቱ እዚህ ጋ ጎርበጥ፣ እዛ ጋ ወልገድ አለ። ድግሱ ሁለት ቀን ሲቀረው ዘጠነኛውን ዘጋችና ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ወደ ኋላ አለች። ስምንቱ ቀንድ አውጣ ወደ ቀኝ ይዞራል። በታች በግራ ጥግ ያለው አንዱ ወደ ግራ።

ፎቶ አንስታ ለቀቀችው። ወጣቶቹ ደስ አላቸው። “የጥበበኛ ፊርማ ነው!” “ሆን ብለሽ ያደረግሽው ነው የሚመስለው!” አክስት ቹዋ አንዲት ቃል ላከች። “ፍቺው።”

ብሊያ መፍታት ጀመረች። ሁለት ጣት ያህል ስትፈታ ጨርቁ ጠርዙ ላይ እንደ ጢም ተበተነ። ከዚህ በላይ ከተፈታ የሚታጠፍ አይቀርም። የተበተነውን አሳየቻት።

ከፍሬስኖ ዶሮው ጮኸ። “በቃ፣ አትንኪው” አለች አክስት ቹዋ። “እንዳለ መልሰሽ ዝጊው። ይዘሽ ሂጂና ስድቡን ቻዪ። ስድብ አይገድልም፣ ቢገድል ኖሮ እኔ ባሌን ይሄኔ ቀብሬው ነበር።”

“ባትቀበለኝስ፣ አክስቴ?”

“እሱን እኔ አላውቅም” አለች አክስት ቹዋ። “እኔ የማውቀው ክር ነው።”

የድግሱ ቀን የወንድሟ ቤት ጫማ ማስቀመጫ ጠፍቶ በረንዳው በጫማ ተሞላ። ምድር ቤቱ ውስጥ ዶሮ ይቀቀላል፣ የአሳማ ጎድን ይጠበሳል፣ በርበሬው በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ወንዶቹ ተደርድረው ለሽማግሌ እየተንበረከኩ ይነሳሉ። ዬር ማንንም አልጠበቀችም። በጠዋት ለብሳ፣ ሻንጣውን ከፍታ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ሼንግ ጎኗ ወንበር ይዛለች፤ ትርኢቱ እንዳያመልጣት ቲኬት የገዛች ትመስላለች።

ብሊያ ገባች። ተንበርክካ በሁለት እጇ ሰጠች።

“ማናት?” አለች ዬር።

“ሻጯ ናት” አለች ሼንግ።

ዬር ትራሱን ወደ መስኮቱ አዙራ ፊቷ ድረስ አቀረበችው። “ቀይ ነው” አለች። “ቀዩ ይታየኛል።” ከዛ ጭኗ ላይ አድርጋ በአውራ ጣቷ መሄድ ጀመረች፣ ከላይ ከቀኝ፣ እያንዳንዱን ቀንድ አውጣ ከደጁ እስከ ጓዳው። ሰው በሩ ላይ ተሰበሰበ። አንዲት ምራት ሩዝ የያዘ ሳህን ይዛ ቆማ ቀረች።

“ይሄ ጎርባጣ ነው” አለች ዬር ሁለተኛው ላይ።

“አዎ፣ እማ።”

“ይሄ ደሞ ክሩ ጠብቋል። ሊታነቅ ነው ምስኪን። ማን ነው የሰፋው?”

“እኔ ነኝ።”

“ማን አገዘሽ?”

ብሊያ አሰበች። “መንገድ ነገሩኝ” አለች። “ብዙ ሰው ነገረኝ። መርፌውን የያዘ ግን ሌላ ሰው የለም።”

“ይታያል” አለች ሼንግ። ሰዉ ሳቀ። ዬር አልሳቀችም፤ አውራ ጣቷ ዘጠነኛው ላይ ደርሶ ቆመ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

“ይሄኛው ወዴት ነው የሚሄደው?”

“ተሳስቼ ነው፣ እማ። ልፈታው ስል ጨርቁ...”

“ሌሎቹ ቤታቸው ይገባሉ” አለች ዬር። “ይሄ ብቻውን ወደ ገበያ ወጥቷል።”

አሁን ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሼንግ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። ብሊያ ተንበርክካ ቀረች፤ ትሳቅ ታልቅስ አላወቀችም። ዬር ግን ሳቁ ሲያልፍ ትራሱን አነሳች፤ ለሁለት አላጠፈችውም፣ ደንቡ ስለማይፈቅድ፤ እንደተዘረጋ ሸማው ላይ አስተኛችው፣ መቀነቱን ከላይ አደረገች፣ ሁለት ጊዜ በመዳፏ መታ መታ አደረገችና ሻንጣውን ዘጋችው። ቀጭ፣ ቀጭ።

ብሊያ ያኔ ትዝ አላት። “እማ፣ አንዴ ክፈቺውማ፣ ፎቶ ላንሳው” ብላ ስልኳን አወጣች። “ሰዎች እየጠበቁኝ ነው። የረዱኝ።”

“አልከፍትም።”

“አንዴ ብቻ። ሊያዩት ነው፣ አይሸጥም እኮ።”

“ያኔም አይሸጥም ነበር” አለች ዬር። “ስልኩን ክተቺና ሩዝ ብዪ፣ ብሊያ።”

ሩዝ የያዘችው ምራት ሳህኑን ሰጠቻት። ሼንግ መጀመሪያ ወደ እናቷ፣ ከዛ ወደ እህቷ አየችና ወንበሯን ለቀቀችላት።

ግሩፑ ውስጥ ሰው ሦስት ቀን ጠበቀ። ማይ ሲ የጥያቄ ምልክት ላከች። ከደቡብ አሜሪካ ያ ባለ ኮምጣጤው “እህታችን እንዴት ሆነች?” አለ። ከፈረንሳይ ያቺ ባለ መርፌዋ “ፎቶ! ፎቶ!” አለች። ብሊያ ሁሉንም አንብባለች። ምን ብላ ትንገራቸው? የሚታይ ነገር የላትም።

በአራተኛው ቀን ዶሮው ጮኸ።

“ልጆች፣ አታስቸግሯት” አለች አክስት ቹዋ። “ፎቶ ካልመጣ እናትየዋ ተቀብላታለች ማለት ነው። ብትመልስላት ኖሮ እስካሁን እዚሁ ስታለቅስ አይተናት ነበር። ውሸት ነው፣ ብሊያ?”

“እውነት ነው፣ አክስቴ” አለች ብሊያ።

“ምን አለችሽ?”

“ሩዝ ብዪ አለችኝ።”

“ጎሽ” አለች አክስት ቹዋ። “የአንቺንስ ማን እየሰፋልሽ ነው?”

ብሊያ ካንቲን ውስጥ ነበረች። ማንኪያዋን አስቀመጠች። “ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ” አለች። “አንዷ ቁልፍ መትከል አትችልም። ሌላዋ ጥርስ ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው፣ የሰው ጥርስ ታጥባለች።”

“ባለጥርሷን አምጫት” አለች አክስት ቹዋ። “ጠባብ ቦታ መግባት ታውቃለች።”